ስለ ሉዊስ ሃይን የእርሻ ልጆች ፎቶግራፎች

ሉዊስ ሃይን አስቀድሞ በኒው ዮርክ አስተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የአሜሪካ ብሔራዊ የሕፃናት ሥራ ኮሚቴ ቀጥሮት፣ በየፋብሪካውና በየማዕድን ጉድጓዱ የሚሠሩትን ልጆች ፎቶግራፍ ያነሣ ጀመር። እኛን ይበልጥ ያሳሰቡን ግን በእርሻ ላይ ያነሣቸው ናቸው።

የፋብሪካው ፎቶግራፍ ራሱ ይናገራል፤ ሕፃን ልጅ ከመኪና አጠገብ ቆሞ ሲታይ የሚከራከር የለም። አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር በጥጥ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲታዩ ግን፣ ተመልካቹ የሚያየው የተባረከ ቤተ ሰብ ነው። ከእኛም መካከል ጥጃ ሳይጠብቅ ያደገ ጥቂት ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ ስናያቸው ክፉ ነገር አልታየንም።

ነገሩን የገለጠልን ሃይን ለየፎቶግራፉ የጻፈው መግለጫ ነው። በ1916 በኦክላሆማ ያነሣት የ11 ዓመት ልጅ በቀን ከ75 እስከ 125 ፓውንድ (ከ34 እስከ 57 ኪሎ ያህል) ጥጥ ትለቅማለች፤ ከረጢቱ ሲሞላም 50 ፓውንድ ተሸክማ ትሄዳለች። ሥራውን እንደማትወደው ጽፎላታል። ከዚያ በፊት በ1915 በኮሎራዶ ያገኛቸው ልጆች ስኳር የሚወጣበትን ሥር ጫፉ በታጠፈ ቢላዋ ሲቆርጡ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሳምንታት ያልፉ ነበር።

ሕግ አውጪዎቹ መግለጫውን ያነበቡ አይመስለንም። በ1916 የወጣው ሕግ ፋብሪካንና ማዕድንን እንጂ እርሻን አልነካም፤ እርሱንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ሻረው። የ1938ቱም ሕግ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በእርሻ የሚሠራውን ልጅ አልፎት ሄደ። በወላጁ እርሻ ላይ የሚሠራ ልጅ ዛሬም በአብዛኛው ከዚያ ሕግ ጥበቃ ውጭ ነው።