በካርቴጅ ያልተዘራው ጨው

የታሪክ መምህራችን «ሮማውያን ካርቴጅን ካፈረሱ በኋላ መሬቷን አርሰው ጨው ዘሩባት» ሲሉን አንዳችንም አልተጠራጠርንም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነበር። አያቴ አሞሌ ጨው ገንዘብ ስለነበረበት ዘመን ትተርክልን ነበርና፣ ያን ሁሉ ጨው ሜዳ ላይ የበተነው ሰው እንዴት ያለ ባለጸጋ ቢሆን ነው እያልኩ እገረም ነበር።

ዘግይቼ እንደተረዳሁት ግን፣ የጨው ወሬ በጥንቶቹ ጸሐፍት ዘንድ ጨርሶ የለም። ዛሬ የቱኒስ አጎራባች የሆነችው ያች ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ዓመት ስትጋይ ግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ከድል አድራጊው ከስኪፒዮ አጠገብ ቆሞ ያይ ነበር። ከጽሑፉ ተርፎ በደረሰን ክፍል ስለ ጨው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከእርሱ በኋላ የመጣው አፒያንም እንዲሁ። ጨውማ ተዘርቶ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይተው ራሳቸው ሮማውያን እዚያው ላይ ከተማ ባልቆረቆሩ! ተረቱ የተዛመተው ባለፉት ሁለት ክፍለ ዘመናት በተጻፉ መጻሕፍት ነው።

እውነቱ ማጋነኛ አያሻውም። አፒያን እንደሚለው ከሦስት ዓመት ከበባ በኋላ ቢርሳ ከተባለው ኮረብታ እጃቸውን ሰጥተው የወጡት 50,000 ሰዎች ነበሩ። ዕጣቸው ባርነት ሆነ።

የመጻሕፍቱ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው የካርቴጅ ቤተ መጻሕፍት ለአፍሪካ ነገሥታት ታደለ፤ የሮማ ሴኔት ወደ ላቲን ይተርጎም ያለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ማጎ የተባለ ሰው ስለ እርሻ የጻፋቸው 28 መጻሕፍት። ትርጉሙም ቢሆን ጠፍቶ፣ ሌሎች ከጠቀሱት ቁርጥራጭ በቀር የቀረልን የለም።

ስለዚህ ስለ ካርቴጃውያን የምንሰማው ከባላንጣዎቻቸው አፍ ነው። ስግብግብ፣ ቃል አጣፊ፣ የገዛ ልጆቹን አቃጣይ ተባሉ። እዚህ ላይ ግን ላዳላላቸው አልሻም። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶፌት የሚባለው ሥፍራ ተገኝቶ ሲቆፈር፣ የተቃጠለ የሕፃናትና የጠቦት አጥንት የያዙ በሺህ የሚቆጠሩ ማሰሮዎች ወጡ። በሕመም የሞቱ ጨቅላዎች መቃብር ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ መሥዋዕት ነው የሚሉም አሉ። በድንጋዮቹ ላይ ሰዎች ለበኣል ሐሞን ስእለት ማግባታቸው ተቀርጾ ስላየሁ የኋለኞቹ ክርክር ይመዝንብኛል። ጠላት ስለተናገረው ብቻ ነገሩ ውሸት አይሆንም።

ቋንቋቸው ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ከጢሮስ የመጡት ፊንቄያውያን ከተማቸውን «ቀርት ሐደሽት» አሏት፤ አዲስ ከተማ ማለት ነው። «ሐደሽት» የግዕዙ «ሐዲስ»፣ የእኛም «አዲስ» ዘመድ ነው። በሐኒባል ስም ጫፍ ያለው «ባል»ም «ባለቤት» ስንል ከምንጠራው ሥር የበቀለ ነው።

በዚህ ቋንቋ ፊደል ከተጻፈው ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ሲሲሊ ውስጥ በማርሳላ አጠገብ ከባሕር የወጣው ነው። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦነር ፍሮስት የተባለች ተመራማሪ ከባሕር ወለል በቆፈረችው የካርቴጅ መርከብ ሳንቃዎች ላይ በቀለም የተጻፉ ፊደላት ተገኙ። ስለ ጦርነትም ስለ አምላክም አያወሩም። የትኛው እንጨት ከየትኛው እንደሚገጥም አንዱ አናጢ ለሌላው አናጢ ምልክት ያደረገባቸው ናቸው።