ባሕርን በመስታወት ሣጥን፤ ከምጽዋ ዳርቻ እስከ ጣና ሐይቅ

የየብስን እንስሳ አልምዶ በደጁ ማኖር ለሰው ልጅ የብዙ ሺህ ዓመታት ልማድ ነው። የባሕርን ፍጥረት ግን ከባሕሩ አውጥቶ፥ ከዳርቻው ርቆ በሚገኝ ቤቱ በሕይወት ለማኖር የቻለው ገና ሁለት መቶ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በግ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው፤ የባሕር ዓሣ ግን ከባሕሩ ሲለይ አየሩንም፥ ምግቡንም፥ ሙቀቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ ዓሣውን ለማኖር የፈለገ ሰው አስቀድሞ ባሕሩን ራሱን መሥራት ይኖርበታል። ይህ ጥበብ እንዴት እንደ ተገኘ፥ ከኢትዮጵያ ምድር ጋር በምን እንደሚገናኝና በባሕር ዳር ከተማ የጨው ውኃ አኳሪየም በቤቱ ለማቋቋም ለሚያስብ ሰው ታሪኩ ምን እንደሚያስተምር መመርመር ለሙያው ባልደረቦች ጥቅም አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን ውኃዎች ያየ ተጓዥ

በአማርኛ ባሕር የሚለው ቃል ጨዋማውን ውቅያኖስም ጣፋጩን ሐይቅም ይጠራል፤ ባሕር ዳር የሚለው የከተማው ስም ምስክር ነው። በሥነ ፍጥረት ጥናት ታሪክም ቀይ ባሕርና ጣና የተገናኙት በአንድ ሰው እጅ ነበር። ከእርሱ በፊት ስዊድናዊው ተወላጅ ፔር ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ዓሦች መዝግቦ በ1763 በየመን ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1775 ነው። ከዚያም ጀርመናውያኑ ሄምፕሪክና ኤረንበርግ እስከ ምጽዋ ዘለቁ። ሄምፕሪክ በ1825 በዚያው በምጽዋ ሲሞት፥ ኤረንበርግ ወደ አገሩ ተመልሶ የቀይ ባሕርን ኮራሎች በሰፊው ገለጸ።

ሁለቱን ውኃዎች አንድ ላይ ያጠናው ግን በፍራንክፈርት ከተማ በ1794 የተወለደው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1820ዎቹ በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ከተዘዋወረ በኋላ፥ በ1831 በምጽዋ በኩል ገብቶ ወደ ደጋው በመውጣት እስከ ጎንደርና እስከ ጣና ደረሰ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየቤቱ አኳሪየም ከሚወደዱት የቀይ ባሕር ዓሦች አንዱ፥ በብርቱካናማ ገላው ላይ ሁለት ነጭ ቀበቶ የታጠቀውና አኔሞን በሚባለው ተናዳፊ የባሕር ፍጥረት መካከል የሚኖረው ዓሣ፥ በ1830 ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከሩፔል ነው። የጣናን ትልልቅ ነጭ ዓሦች ላቤኦባርበስ ብሎ በአንድ ወገን የሰየማቸውም በ1830ዎቹ ይኸው ሰው ነው። የሰበሰባቸውን በፍራንክፈርት ለሚገኘው የዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ሰጠ። ይሁን እንጂ ሩፔል ያቆያቸው ዓሦች ሁሉ የሞቱ ነበሩ። በዘመኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ዓሣን በአልኮል ውስጥ ያኖረዋል እንጂ በሕይወት የሚያኖርበት ዘዴ አልነበረውም።

መስታወቱና ጨው

ዘዴው የተገኘው ሩፔል በኢትዮጵያ ጉዞ ላይ በነበረበት ዘመን በሌላ ቦታ ነው። ዣን ቪልፕሮ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት በሜሲና ከተማ ተቀምጣ፥ አርጎናውት የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ጠባይ ለመመርመር በ1832 ገደማ የመስታወት ሣጥኖች አሠራች። በ1846 ደግሞ አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ሕይወት ያላቸውን ኮራሎች ከባሕር ዳርቻ ወደ ለንደን አምጥታ አቆየች። ውኃው እንዳይሞት የቤት ሠራተኛዋ በመስኮት አጠገብ ቆማ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እየደጋገመች ትገለብጠው ነበር። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፓምፕ የተካው ይህንን የክንድ ድካም ነው።

በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት ዓሣ፥ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተደጋግፈው እንደሚኖሩ አስረዳ። በ1853 የለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ሥፍራ የመጀመሪያውን የሕዝብ አኳሪየም ከፈተ። በተከታዩም ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የተባለውን መጽሐፉን አሳትሞ ቃሉንም ልማዱንም አስፋፋ። ጎስ ከባሕር ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች የሰው ሠራሽ የባሕር ውኃ አዘገጃጀትም ጽፏል፤ ይኸውም ተራ ጨው፥ ኤፕሶም የሚባለው ጨው፥ የማግኒዚየም ክሎራይድና የፖታሲየም ክሎራይድ ቅልቅል ነው።

ከዚህ መጽሐፍ በኋላ የተከተለው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። አኳሪየም ፋሽን ሆነና ሰዉ ቅርጫትና መዶሻ ይዞ ወደ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ጎረፈ። በጥቂት ዓሥርተ ዓመታት ውስጥ በድንጋይ መካከል ያሉት ኩሬዎች ተራቆቱ። የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በኀዘን መዝግቦታል። አባቱ ሰዎች ባሕርን እንዲወዱ አስተማረ፤ የወደዱት ሰዎች የወደዱትን ነገር ባዶ አደረጉት። በ1960ዎቹም በፊሊፒንስ ደሴቶች የአኳሪየም ዓሦችን በሲያናይድ መርዝ እያደነዘዙ መያዝ ተጀመረ፤ መርዙም ዓሣውን ብቻ ሳይሆን መኖሪያውን ኮራል ጭምር ጎዳ።

የባሕርን ጨው ነገር በትክክል ያወቀው ደግሞ ዊልያም ዲትማር ነው። ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ ካመጣቻቸው የውኃ ናሙናዎች 77ቱን መርምሮ፥ ጨውነቱ ቢበዛም ቢያንስም የዋና ዋናዎቹ ጨዎች ምጥጥን በየውቅያኖሱ አንድ ዓይነት መሆኑን በ1884 አሳየ። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖር፥ ከዚህ 100 እጅ 86 ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ የቀረው ሰልፌት፥ ማግኒዚየም፥ ካልሲየም፥ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። ዛሬ በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው የአኳሪየም ጨው የተመሠረተው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው።

የማይታዩት ሠራተኞች

ጨው ትክክል ሆኖም ዓሣዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሞታቸው ለረጅም ጊዜ ምስጢር ነበር። ዓሣ ከስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ የባሕር ውኃ ወደ አልካሊነት የሚያደላ በመሆኑም መርዛማነቱ ይብሳል። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ገደማ እንዳስረዳው አሞኒያን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይትንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ይህ ዕውቀት ከአፈር ጥናት ወደ አኳሪየም እስኪሻገር ግን ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1961 በጃካርታ ከተማ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለበት ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ ኮራልና ዓሣ ማኖሩን ለአንባብያን አስታወቀ። ሥራውን የሚሠሩት በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ያሉት የማይታዩ ፍጥረታት ነበሩ።

ዛሬ ልማዱ የተረጋገጠ ነው። አዲስ የተሞላ የጨው ውኃ ሣጥን ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ድረስ አራት፥ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ ይቆያል። አሞኒያውና ናይትራይቱ ከታዩ በኋላ ሲጠፉ ብቻ የመጀመሪያው ዓሣ ይገባል። ከቸኮለ ሰው ይልቅ የታገሠ ሰው የሚያተርፍበት ሥራ ነው።

በባሕር ዳር ቢቋቋም

ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የሌላት አገር ናት። ስለዚህ በባሕር ዳር የጨው ውኃ አኳሪየም የሚያቋቁም ሰው ውኃውን ራሱ ማዘጋጀት አለበት። ለመቶ ሊትር ሣጥን ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ጨው ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ወደ ጎጃም ገበያ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይመጣ የነበረው አሞሌ ጨው በሐሳብ ይመጣ ይሆናል። አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚጓዝ፥ በእርግጥም የባሕር ልጅ ነው፤ በጥንት ዘመን ወደዚያ ምድር የገባው የቀይ ባሕር ውኃ ተንኖ የተወው ቅሪት ነውና። ይሁን እንጂ ባሕር ሲደርቅ ጨዎቹ በተራ በተራ ይዘቅጣሉ፤ መጀመሪያ ካልሲየም ያለበት ጂፕሰም፥ ቀጥሎ ተራው ጨው፥ በመጨረሻ የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች ናቸው። በዳሎል የታወቀው ፖታሽ የዚሁ የመጨረሻው ድርሻ ነው። አሞሌ እንግዲህ ከባሕሩ አንዱ ክፍል እንጂ ባሕሩ ሁሉ አይደለም፤ ብቻውን በውኃ ቢሟሟ ጨዋማ ውኃ ይሆናል እንጂ የባሕር ውኃ አይሆንም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በባሕር ወለል ላይ ያለ ጣፋጭ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ የባሕር ውኃ 6.8 ያህል ይይዛል፤ ያው የባሕር ውኃ ወደ ባሕር ዳር ቢወጣ ግን የሚይዘው 5.4 ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በምጽዋ ለአምስት ዓሦች የሚበቃ ሣጥን በባሕር ዳር ለአምስት ላይበቃ ይችላል። መድኃኒቱም ዓሣ ማሳነስ፥ ውኃውን አብዝቶ ማንቀሳቀስና መብራት በሚጠፋበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ የአየር መስጫ ማዘጋጀት ነው። የቀይ ባሕር ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ስለሚሹ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ማሞቂያም ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ትነት ነው። ከሣጥኑ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። በመሆኑም የጎደለው የሚሞላው በጨው ውኃ ሳይሆን በንጹሕ ጣፋጭ ውኃ ነው። ይህንን የዘነጋ ሰው ሣጥኑን ቀስ በቀስ ወደ አሳሌ ሐይቅ ይለውጠዋል። ጣና ራሱ በየዓመቱ ብዙ ውኃ እየተነነበት ጣፋጭ ሆኖ የቀረው አባይ በደቡብ በኩል እየወጣ ጨውን ይዞለት ስለሚሄድ ነው። መውጫ ከሌላቸው የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አንዳንዶቹ ጨዋማ ሆነዋል።

ጣናን እንደ አንድ ዕቃ ማየት

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ በአማካይ ስምንት ሜትር ያህል ብቻ የሚጠልቀው የጣና ሐይቅ ራሱ አንድ ትልቅ ዕቃ አይደለምን? ከታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሐይቁን ዓሦች ከታችኛው አባይ ለይቷቸዋል። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል በወሰዱት ደለል እንደ ተረዱት ሐይቁ ከ15 ሺህ ዓመታት በፊት ደርቆ ነበር፤ እንደገና ከሞላ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ሩፔል ከሰየማቸው ከላቤኦባርበስ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች ሊለዩበት ችለዋል፤ አብዛኞቹም በዓለም በሌላ ቦታ አይገኙም።

ይህንንም ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ቡሌንጀር በ1902፥ ቢኒ በ1940 አዳዲስ ስሞች ጨመሩ፤ በ1973 ባኒስተር የጣናን ትልልቅ ነጭ ዓሦች በአንድ ዝርያ ሥር አጠቃለላቸው፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የሆላንድ ተመራማሪዎች ናግልከርከና ሲቢንግ ከባሕር ዳር ተነሥተው ባደረጉት ጥናት እንደገና ለዩአቸው። ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ መሆናቸው ታወቀ፤ ይህም በካርፕ ቤተሰብ ዘንድ እጅግ ያልተለመደ ነው።

በዚያው ዘመን ግን ዕቃው መናጋት ጀመረ። ለብዙ ዘመን በደንገል ታንኳ ይካሄድ በነበረው የዓሣ ማስገር ላይ በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ተጨመረ። ከነጭ ዓሦቹ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ስለሚወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ተዘረጋላቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 መካከል ለመራባት የደረሱት ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ያህል መቀነሱ ተመዘገበ። በ2011 ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ ተረጋገጠ። ይህ ተክል ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሠራጨው ለኩሬና ለአትክልት ቦታ ጌጥ ተብሎ ነው፤ በኢትዮጵያም በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ በ1965 ታይቶ ነበር። በቤት ውኃ ዕቃ የሚኖር ነገር ወደ ሐይቅ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ስለዚህ በባሕር ዳር አኳሪየም የሚያቋቁም ሰው ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው፥ ከሣጥኑ የወጣ ውኃም፥ ተክልም፥ እንስሳም ወደ ጣና ወይም ወደ ገባሮቹ እንዳይደርስ መጠበቅ ነው። የባሕር ዓሣ በጣፋጭ ውኃ እንደማይኖር የታወቀ ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ የጣፋጭ ውኃ ዓሣና ተክል ግን ይኖራል፥ ይራባልም። ሁለተኛው፥ የሚገዛው የባሕር ዓሣ በመርዝ ያልተያዘ፥ ቢቻልም በእርባታ የተገኘ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ሩፔል የሰየመው ባለ ሁለት ቀበቶ ዓሣና ዘመዶቹ በሰው እጅ መራባት ችለዋል።

የጨው ውኃ ሣጥን ትልቅ አስተማሪ ነው፤ በሐይቅ ላይ በሠላሳ ዓመት የሚታየውን ጥፋት በሠላሳ ቀን ያሳያልና። አሞኒያው ሲበዛ፥ አየሩ ሲያንስ፥ ጨው ሲከማች ባለቤቱ በዓይኑ ያያል፥ ጉዳቱም በኪሱ ይደርስበታል። ሆኖም ተመሳሳይ ድካምና ዕውቀት የጣናን ነጭ ዓሦች በሕይወት ለማሳየት ቢውል ትርፉ የበለጠ ይሆናል። የባሕር ዳር ተማሪ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቀውን የአገሩን ዓሣ ሲዋኝ ያይ ነበር፤ ዓሣ አስጋሪውም በክረምት በወንዝ አፍ የሚያዘው እንቁላል የተሸከመ ዓሣ የሚመጡት ዓመታት ገቢው መሆኑን በመስታወቱ ውስጥ ያስተውል ነበር። የቀይ ባሕርን ዓሦች ቢያጡ ከሌላ ባሕር ማምጣት ይቻላል፤ የጣናን ግን ከየትም ማምጣት አይቻልም።