የዲዮር አፈር ዕዳ

ኦቾሎኒ፥ በሌላ ስሙ ለውዝ፥ ልል አፈርን የሚሻ ሰብል ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ መርፌ መሰል ዘንግ ወደ መሬት ዘልቆ ፍሬውን በአፈር ውስጥ ስለሚቋጥር፥ አሸዋማ ማሳ ለመዝለቁም ለመነቀሉም ይመቻል። ይሁን እንጂ አሸዋ ሀብት አያከማችም፤ ሸክላውና ብስባሹ አነስተኛ በመሆኑ ፖታሲየሙና ካልሲየሙ በዝናብ ታጥቦ ወደ ታች ይሰርጋል። የሴኔጋል ገበሬ ታሪክም ከዚሁ ጋር የተቆራኘ ነው።

በካዮር፥ በባዎልና በሲን ሳሉም የሚገኘው አሸዋማ አፈር «ዲዮር» ይባላል። የፈረንሳይ ዘይት ጨማቂዎች ፍላጎት እያደገ ሄዶ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 የዳካርና የሴንት ሉዊ የባቡር ሐዲድ ሲከፈት፥ ሰብሉ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ተስፋፋ። ቀደም ሲል ግን በተለይ የሴሬር ገበሬዎች መሬቱን ጦም በማሳደር፥ ከብት በማሳው ላይ በማሰርና በዝናብ ወራት ቅጠሉን የሚያራግፈውን የግራር ዝርያ ሳይቆርጡ በመጠበቅ አፈሩን ይጠግኑ ነበር። ገበያው ሲሰፋ መሬቱ የሚያርፍበት ጊዜ አጠረ።

በ1921 በባምቤይ የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ ሰብሉን በቅርብ መመርመር ያዘ። ኦቾሎኒ በሥሩ ላይ ባሉት ተሐዋስያን አማካይነት አብዛኛውን ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያገኝ፥ በቅድሚያ የሚጎድለው ፎስፎረስ ነው። በ1940ዎቹ በሰሜን ካሮላይና የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ፍሬው ካልሲየምን በአመዛኙ በቅርፊቱ በኩል ከአካባቢው አፈር በቀጥታ እንደሚወስድ አረጋገጡ። ካልሲየም ሲያንስ ቅርፊቱ ባዶ ይሆናል፤ ጂፕሰም በአበባ ወቅት በተክሉ ዙሪያ የሚበተነውም ስለዚህ ነው። በተጨማሪም ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ገለባው ለከብት ስለሚውል፥ ለማሳው የሚመለሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ዕውቀቱ ነበር፤ የጎደለው ክፍያው ነበር። ከ1960 ነጻነት በኋላ፥ በ1966 የተቋቋመው ኦንካድ የተባለው የመንግሥት ድርጅት በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለገበሬው ማዳበሪያ በብድር ያቀርብ ጀመር። ነገር ግን ፈረንሳይ በ1960ዎቹ መጨረሻ የዋጋ ድጋፏን ስታቋርጥ የሰብሉ ዋጋ ወደቀ፤ ድርቅም ተከተለ፤ ዕዳው በገበሬው ጫንቃ ላይ ተከመረ። ኦንካድ በ1980 ፈረሰ። በ1984 የታወጀው አዲስ የእርሻ ፖሊሲ ድጎማውን ሲቀንስ የማዳበሪያው ፍጆታ በእጅጉ አሽቆለቆለ። ገበሬው መክፈል ያቃተውን የከፈለው አፈሩ ነው።

በአገራችንም በባቢሌና በጉርሱም አሸዋማ ማሳዎች ኦቾሎኒ ይመረታል። ከዲዮር የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአፈር ባለሙያ ምን ያህል ፎስፎረስና ጂፕሰም እንደሚያስፈልግ ከመወሰኑ ጋር፥ የሰብሉ ዋጋ የማዳበሪያውን ወጪ ይሸፍን እንደሆነ፥ ዝናብ ሲቀርም ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም አብሮ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ካልተጠየቀ መልካሙ ምክር ለገበሬው ሌላ ዕዳ ይሆናል።