ሐሰተኛ አንቲቫይረስ፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ባለው የጉለሌ ሰፈር፣ በአንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ የስንት ሰው ሲቪና ውል ይቀመጣል! «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረስ ተጠቅቷል፣ ለማጽዳት ይክፈሉ» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙዎች ወይ ይከፍላሉ፣ ወይ ፎርማት ያስደርጋሉ። ፎርማት ግን ፋይሉንም ይዞ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም። በቅደም ተከተል እናስቀምጥላችሁ፦

1. አትክፈሉ፤ በተጻፈው ቁጥር አትደውሉ። ኢንተርኔቱን አቋርጡ።

2. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ብሮውዘሩን ዝጉ።

3. መልእክቱ የሚመጣው ብሮውዘር ስትከፍቱ ብቻ ከሆነ፣ በብሮውዘሩ ሴቲንግ «ኖቲፊኬሽን» ውስጥ የማታውቁትን ድረ ገጽ ሰርዙ።

4. ብሮውዘሩ ተዘግቶም ከመጣ፣ የተጫነ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። ከሴቲንግ «አፕስ» ውስጥ ፈልጋችሁ አጥፉት።

5. ዊንዶውስ 10 እና 11 ማይክሮሶፍት ዲፌንደርን በነጻ ይዘው ይመጣሉ። የጀመራችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉና ከ«ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የስካን አማራጮች «ኦፍላይን ስካን»ን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፤ 15 ደቂቃ ያህል ታገሱት።

6. ፍላሾቻችሁንም ስካን አድርጉ። የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃል ከሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩ። የካርድ ቁጥር ሰጥታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ለባንካችሁ አሳውቁ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ፎርማት የግድ ከሆነም «መጀመሪያ ሰነዶቼን ገልብጥልኝ» በሉ።

በኮምፒውተር ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ገንዘብ ከተወሰደባችሁ የስክሪኑን ፎቶና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።