ማዕድ ተጋሪዎች፦ «ጊልድ» የሚለው የሥነ ምህዳር ቃል በቄራ ሰማይ ሥር

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ቄራ አካባቢ ቀና ብሎ ያየ ሰው ሰማዩን ባዶ አያገኘውም። ጥንብ አንሳው ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል፤ ጭልፊቱ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ አባ ኮዳ ጣሪያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቁራው አጥር አጥሩን ይላል። ከታች ውሻው አለ፤ ሲጨልም ደግሞ ተራው የጅብ ነው። የብዙዎቹ ዘር የተራራቀ ነው። አባ ኮዳ የሽመላ ወገን ነው፤ ውሻና ጅብ ጭራሽ አጥቢዎች ናቸው። የሚያገናኛቸው ከእርድ የሚተርፈው ሥጋ፣ ሆድ ዕቃና አጥንት ነው። የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ስብስብ «ጊልድ» ይሉታል። በአማርኛ «ማዕድ ተጋሪ» ብንለው ይስማማል እላለሁ።

ቃሉን በሥነ ምህዳር ውስጥ ያስገባው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሩት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከዛፍ ቅጠል ላይ ነፍሳት እየለቀመች የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ዓይነት ሀብት በተመሳሳይ መንገድ የሚጠቀሙ ዝርያዎች ዘመድ ሆኑም አልሆኑም በአንድነት እንዲታዩ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በፊትም «ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ነበር፤ በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩትን ሕያዋን ሁሉ ይጠቀልላል። ነገር ግን የዝርያ ዝርዝር ብቻውን ማን ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ያንን የሚያሳየን ጊልድ ነው።

ጊልድ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የአንጥረኞች፣ የሸማኔዎችና የነጋዴዎች ማኅበር ነበር። ስለዚህ «ማኅበር» ብሎ መተርጎም ይቀናል። እኔ አልደግፈውም። የእኛ ማኅበር ጽዋ አለው፣ ተራ አለው፣ መዋጮ አለው፤ በስምምነት የቆመ ነው። ጥንብ አንሳና ውሻ የተስማሙበት ነገር የለም፤ አንዱ ሌላውን እየገፋ ነው የሚበላው። ማዕድ ላይ ግን መሻማትም አለ። እርግጥ፣ ጊልድ ከምግብ ያለፈ ነገርንም ይጨምራል፤ ለምሳሌ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ጊልድ ሊባሉ ይችላሉ። ማዕድን ሰፋ አድርገን ከወሰድነው ይህንንም ይሸከማል።

ማዕድ ተጋሪዎች የሚበሉት አንድ ቢሆንም የሚያነሱት ቁራሽ ለየቅል ነው። ሃንስ ክሩክ የተባለው ተመራማሪ በዚያው በ1967 ስለ ሴሬንጌቲ ጥንብ አንሶች ሲጽፍ በሦስት ከፍሏቸዋል። ግዙፍ መንቁር ያላቸው ቆዳና ጅማት ይቀድዳሉ፤ ረጅምና ላባ የሌለው አንገት ያላቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው ለስላሳውን ሥጋ ይውጣሉ፤ ትንንሾቹ የተበታተነውን ይለቅማሉ። በከተማችን የምናየው ቡናማው፣ ፊቱ ቀላ ያለው ትንሽ ጥንብ አንሳ ከለቃሚዎቹ ነው። መንቁሩ ቀጭን ነው፤ ቆዳ አይበሳም፤ አጥንት ላይ የቀረችውን ክር ሥጋ ግን አንድ በአንድ ያነሳል። አባ ኮዳም መንቁሩ ቢገዝፍም መቅደድ ስለማይችል ሌላው የጣለውን ይጠብቃል፣ ወይም ይነጥቃል። ጭልፊት ሳያርፍ በእግሩ መንትፎ በአየር ላይ ይበላል።

ይህ ማዕድ ቄራ ላይ አያበቃም። ሥጋው በመኪና ተጭኖ ሥጋ ቤት ይገባል፤ አጥንቱና ጮማው የሰፈር ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይወድቃል። ካዛንቺስም ለረጅም ዘመን ሥጋ ቤት የማይታጣበት ሰፈር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ብዙው የሰፈሩ ክፍል ሲፈርስ፣ በነዋሪው ትራፊ የሚያድሩት ውሻ፣ ድመትና ጭልፊትም ማዕዳቸው ተነሳ። ማዕድ ሲነሳ ተጋሪው ወይ ይበተናል፣ ወይ ሌላ ማዕድ ላይ ይጨመራል። ስለ ሰፈር መፍረስ ስንነጋገር ይህን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አልሰማሁም።

አንዱ ተጋሪ ሲጎድልስ? ድርሻው ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ሌላው ይወስደዋል። ችግሩ ማን ይወስደዋል የሚለው ነው። ሕንድ ውስጥ ለከብት ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከብቱን ጥንብ የበሉ ጥንብ አንሶችን በፍጥነት ፈጀ፤ ከዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ጠፋ። የተረፈውን ጥንብ ውሾች ወረሱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ አደገ። የጥንብ አንሳ የሆድ አሲድ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ብዙ የበሽታ ተሐዋስያንን ይገድላል። ውሻ ያንን አያደርግም፤ ከዚያም ወደ ሰው ደጅ ይመለሳል።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከ2014 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በስድስት የኢትዮጵያ ቄራዎች በተደረገ ክትትል ጥንብ አንሶች ሲቀንሱ፣ የሚታዩት ባለቤት አልባ ውሾች ከእጥፍ በላይ ጨምረዋል። ያ ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዝርያዎች መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ነው። በአፍሪካ የጥንብ አንሶች ትልቁ ገዳይ መርዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተቀመጠ መርዝ።

የቄራ፣ የቆሻሻና የአረንጓዴ ስፍራ ዕቅድ የምታወጡ ባለሙያዎች፣ የተተከለውን ችግኝ ስትቆጥሩ ማን ከማን ጋር ማዕድ እንደሚጋራም መዝግቡ። መርዝ ለማስቀመጥ ከመወሰናችሁ በፊትም ያንን መዝገብ ግለጡት።