ማርና በርበሬ በአንድ ገበታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለዘመድ ጥየቃ ከመንዝ የመጡትን አጎቴን ወግ ለማሳየት ያህል አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ይዣቸው ገባሁ። አስተናጋጇ ያዘዝነውን ሁሉ ባንድ ጊዜ አምጥታ ጠረጴዛው መሐል ደረደረችው። አጎቴ ይህን አልጠሉትም፤ "ገበታ እንዲህ ሲሞላ ነው" አሉ። ችግር የመጣው ሥጋውን ሲቀምሱ ነው። አላምጠው ሳይጨርሱ ቆም ብለው አፍጥጠው አዩኝ።

"ምን ገብቶበታል?"

"ኮምጣጤና ስኳር ነው፣ ጋሼ።"

"ስኳር? ሥጋ ላይ? እኔ እኮ ሻይ አላዘዝኩም፣ ልጄ!"

ሹካቸውን አስቀመጡ። ሾርባው በመጨረሻ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ተስፋ ቆረጡ። "ሰዎቹ ከጅራቱ ነው እንዴ የሚጀምሩት?" አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። በአጠገባችን የተቀመጡ ወጣቶች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን አፈርሁ። ያፈርሁት በእሳቸው መሆኑ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ኖሯል። ለመሆኑ ሥጋና ስኳር አብረው አይሄዱም ያለው ማነው? ሾርባ ይቅደም፣ ጣፋጭ ይከተል ብሎ የደነገገውስ? እኔ "ሥልጣኔ" ብዬ የያዝኩት የገበታ ሥርዓትስ ዕድሜው ስንት ነው? ይህች ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ናት።

ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋችንን እንጠይቅ። አማርኛ ማርንም ወጥንም የሚያወድሰው በአንድ ግሥ ነው፤ ሁለቱም "ይጣፍጣሉ"። አበው "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ሲሉ ጨው ማር ይሁን ማለታቸው አይደለም፤ ጨውነቱን በደንብ ያሳይ ማለታቸው ነው። እንግዲህ በቃል ደረጃ ጣፋጩና ጨዋማው በአማርኛ አልተፋቱም። በሌላው ዓለም ግን የአብሮነታቸውም ሆነ የፍቺያቸው ታሪክ ረጅም ነው።

ከባግዳድ እስከ ለንደን

ሸንኮራ አገዳ መነሻው ኒው ጊኒ መሆኑን፣ ጭማቂውን አፍልቶ ወደ ጠጣር ስኳር የመለወጡ ጥበብ ደግሞ በሕንድ መዳበሩን የታሪክ ሰዎች ይስማሙበታል። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ በዐረቦች እጅ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ10ኛው መቶ ዓመት ባግዳድ ውስጥ አል-ዋራቅ የተባለ ሰው ያዘጋጀውና አል-ባግዳዲ እ.ኤ.አ. በ1226 የጻፈው የምግብ አሠራር መጻሕፍት ዛሬም አሉ። በእነዚያ ገጾች ሥጋ ከኮምጣጤ፣ ከማር፣ ከቴምር፣ ከለውዝና ከፍራፍሬ ጋር ይቀቀላል። ከሁሉ የገነነው "ሲክባጅ" የሚባለው፣ ከፋርስ የተወረሰው በኮምጣጤ የሚሠራ የሥጋ ወጥ ሲሆን ኮምጣጤው በማር ወይም በቴምር ማር ይለዝባል። አጎቴ ሹካቸውን ያስቀመጡበት ጣዕም በሩቅ ምሥራቅ ብቻ የተወሰነ አልነበረም ማለት ነው። የከሊፋዎች ማዕድ ጌጥ ነበር።

አውሮፓም ይህንኑ ጣዕም ወደደችው። በመካከለኛው ዘመን ስኳር በአውሮፓ እንደ ቅመምና እንደ መድኃኒት ይታይ ስለነበር የሚሸጡት መድኃኒት ቀማሚዎች ነበሩ። የእንግሊዙ ንጉሥ የዳግማዊ ሪቻርድ ወጥ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1390 አካባቢ ባጠናቀሩት መጽሐፍ ውስጥ የዶሮ ሥጋ ከሩዝ፣ ከለውዝ ወተትና ከስኳር ጋር ይሠራል። በቱርክ እስከ ዛሬ ድረስ የዶሮ ደረት እንደ ክር ተፈትሎ፣ ከወተትና ከስኳር ጋር ተቀቅሎ እንደ ጣፋጭ ይበላል።

ለዚህ ድብልቅ ሳይንስም ነበረው፤ የዘመኑ ሳይንስ። ከጥንታውያን ግሪኮች በተወረሰው ሕክምና መሠረት የሰው ገላ የሙቀትና የቅዝቃዜ፣ የእርጥበትና የድርቀት ሚዛን ነው። ስኳር ሞቃትና ርጥብ ስለሆነ የሌላውን ምግብ ጠባይ ያስተካክላል ተብሎ ይታመን ነበር። የንጉሥ ወጥ ቤት እንግዲህ በከፊል ሐኪም ነበር። ዓሣው ላይ ስኳር ቢነሰንስ ጌታውን ከበሽታ ሊጠብቅ ነው።

ፍቺው

እ.ኤ.አ. በ1651 ላ ቫሬን የተባለ ፈረንሳዊ ወጥ ቤት አንድ መጽሐፍ በፓሪስ አሳተመ። መጽሐፉ የአዲስ ዘመን ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። የቅመሙ ጋጋታ ቀነሰ፤ ቅቤ፣ የሥጋ መረቅና ትኩስ ቅጠላ ቅጠል ቦታውን ያዙ። ስኳር ባንድ ጀምበር ባይጠፋም በሚቀጥለው መቶ ዓመት ውስጥ ከሥጋው ሰሐን ቀስ በቀስ እየተገፋ ወደ ማዕዱ መጨረሻ ሄደ።

ለምን? ራሼል ላውዳን የተባለች የምግብ ታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው ጽሑፍ ምክንያቱን ከሕክምናው ለውጥ ጋር ታያይዘዋለች። አዲሶቹ ሐኪሞች የምግብ መፈጨት እንደ ድስት መብሰል ሳይሆን እንደ ጠላ መፍላት ነው ብለው ያምኑ ጀመር፤ ስኳርንም በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ የስኳር ሕሙማን ሽንት እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን የጻፈው በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ ነው።

ሌላው ምክንያት ግን መራራ ነው። ስኳር ረከሰ። የረከሰውም በሰው ደም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1500ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1860ዎቹ ድረስ 12.5 ሚሊዮን ያህል አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው በመርከብ ወደ አሜሪካ አህጉር እንደተጫኑ ይገመታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተጋዙት ወደ ብራዚልና ወደ ካሪቢያን የሸንኮራ እርሻዎች ነበር። የዛሬይቱ ሄይቲ፣ ያኔ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1789 ግማሽ ሚሊዮን ያህል ባሮች ይኖሩባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1791 ያመፁትና በ1804 ነፃነታቸውን ያወጁት እነዚያው ናቸው። የንጉሥ ቅመም የነበረው ነገር የሠራተኛ ሰው ሻይ ማጣፈጫ ሲሆን በጌቶች ማዕድ ላይ የነበረው ክብር ቀነሰ። ሰው ሁሉ የሚያገኘውን ነገር ባለጠጋ አይኮራበትም። "ሥጋና ስኳር አይገናኙም" የሚለው የምላስ ሕግ ከተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን የሐኪም፣ የነጋዴና የባሪያ ፈንጋይ እጅ ያለበት ሕግ ነው።

ማን ይቅደም? ምን ይቅደም?

የአቀራረቡም ነገር እንዲሁ ነው። "የፈረንሳይ ሥርዓት" በሚባለው የድሮ የአውሮፓ መሳፍንት ግብዣ ምግቡ ሁሉ በዙር በዙር፣ በየዙሩ ግን ባንድ ጊዜ ጠረጴዛውን ሞልቶ ይቀርብ ነበር። ሲታይ ያምራል። ችግሩ እንግዳው የሚበላው ከፊቱ ያለውን ወይም ጎረቤቱ የሚያቀብለውን መሆኑ ነው። ወጡም ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. ከ1808 እስከ 1812 በፓሪስ የሩሲያ አምባሳደር የነበሩት ልዑል አሌክሳንደር ኩራኪን አዲስ ልማድ ይዘው እንደመጡ ይነገራል፤ ይኸውም ሥጋውን ከጓዳ ቆራርጦ፣ አንዱን ምግብ ከሌላው አስከትሎ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ ትኩሱን በየተራ ማቅረብ ነው። ዝነኛው ወጥ ቤት ካሬም የአገሩ ሥርዓት የበለጠ ግርማ አለው ባይ ነበር። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የሩሲያው አሸነፈ። ዛሬ "የፈረንጅ ሥርዓት" የምንለው ሾርባ፣ ዋና ምግብ፣ ጣፋጭ የሚለው ቅደም ተከተል በዚህ መልክ የጸናው ከሁለት መቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

"ሬስቶራንት" የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ የቤት ስም አልነበረም፤ ጉልበት የሚመልስ የሥጋ መረቅ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ያንን መረቅ የሚሸጡ ቤቶች ሲከፈቱ ደንበኛው በፈለገው ሰዓት መጥቶ፣ ለብቻው ጠረጴዛ ይዞ፣ ከዋጋ ዝርዝር መርጦ መብላት ቻለ። ከዚያ በፊት በእንግዳ ማረፊያዎች በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ የተገኘውን መካፈል ነበር ልማዱ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ በሺሕ የሚቆጠር ሰው በአዳራሹ ይስተናገድ ነበር። አጋፋሪው እንደየማዕረጉ ያስገባል። ንጉሡና መኳንንቱ ቀድመው ይበላሉ፤ ከዚያ የጦር አለቆች፣ ከዚያም ወታደሩ በየተራ ይገባል። ብርንዶው ይዞራል፣ ጠጁ ይቀዳል። ልዩነቱን ልብ ይሏል! በሩሲያው ሥርዓት ተራ የሚጠብቀው ምግቡ ነው፤ በእኛ ግብር ግን ተራ የሚጠብቀው ሰው ነው። የዶሮ 12 ብልት እንኳ ለማን ምን እንደሚደርስ የታወቀ ነበር።

በ1898 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት ግን ነገሩ ተናጋ። እንደሚተረከው፣ በገንዘብ ምግብ ገዝቶ መብላት ነውር ስለነበር ገበያተኛ ጠፋ፤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ። ምግብ ማብላት ክብር፣ መብላትም ዝምድና በሆነበት አገር ሒሳብ ጠይቆ መውጣት እንግዳ ነገር ነበር። ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከዘለቀው ወረራ በኋላ ፓስታው ቀረ። በጣሊያን አገር ፓስታ የሥጋው ቀዳሚ ነው፤ እኛ ግን ራሱን የቻለ ምሳ አደረግነው፤ አልፎም በእንጀራ ጠቀለልነው። ሥርዓት አፈረስን ወይስ ሥርዓት ሠራን?

ስኳርም ቢሆን ለእኛ የቅርብ እንግዳ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ጣፋጭ ማለት በዋናነት ማር ነበር፤ ማሩም በአብዛኛው ወደ ጠጁ ይሄድ ነበር። ቡናን በጨው መጠጣት በየገጠሩ ዛሬም አለ። ከተሜው ቡና በጨው ሲቀርብለት ፊቱን ያኮሳትራል፤ የገጠሩ ሰው ደግሞ ሥጋ በስኳር ሲቀርብለት ያኮሳትራል። ሁለቱም የሚጸየፉት ያልለመዱትን ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። ከዚያ ምሳ በኋላ በነበረው እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ተገናኘን። እናቴ ጨጨብሳ ሠርታ ነበር። ቂጣው በንጥር ቅቤና በበርበሬ ታሽቶ ቀልቷል፤ ከላይ ማር ፈሶበታል። አጎቴ እየደጋገሙ ጎረሱ፤ እኔንም አጎረሱኝ። እኔም ዕድል አገኘሁና፦

"ጋሼ፣ ማርና በርበሬ አብሮ ይሄዳል እንዴ?" አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጨዋታው ገብቷቸው ሳቁና፣ "እሱማ የእናት እጅ ነው" አሉኝ።

መልሱ ይኸው ነው። ባግዳዳዊው በሲክባጁ፣ ቱርኩ በዶሮ ጣፋጩ፣ ቻይናዊው በሥጋና ስኳሩ ላይ የሚያገኘው የእናቱን እጅ ነው። እነዚያ በአጎቴ የሳቁት ወጣቶችና አብሬ የሳቅሁት እኔ፣ የምንመካበት የገበታ ሥርዓት የተሠራው በትናንት ሰዎች ነው፤ የነገ ሰዎችም ያፈርሱታል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን "ይህ ደግሞ ይበላል?" ከማለቱ በፊት፣ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ማን እንደሠራው ቢጠይቅ መልካም ነው። አጎቴንም በሚቀጥለው ሲመጡ ያንኑ ምግብ ቤት እወስዳቸዋለሁ። ሾርባው በመጨረሻ ሲመጣ ግን ከእንግዲህ አላፍርም።