ተገዝተን አናውቅም

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ ጌታ ስለ አርነት ሲናገር የሰሙትን አይሁድ ልብ ብላችሁ አይታችኋቸዋል? የአብርሃም ዘር ነን፣ የማንም ባሪያ ሆነን አናውቅም ብለው መለሱለት። ይህን ሲሉ የሮም ወታደር ከመቅደሱ ጎን ካለው ምሽግ ሆኖ ቁልቁል ያያቸዋል። ግብራቸው ወደ ቄሣር ይሄዳል። ከዚያም በፊት ግብፅ ነበረች፣ ባቢሎን ነበረች። ሰው ይህን ሁሉ ረስቶ እንዴት እንዲህ ይናገራል?

ይህን ክፍል ሳስተምር ሁልጊዜ ከወጣቶቹ መካከል አንዱ ይስቃል። «እኛስ?» ስል ግን ሳቁ ይቆማል፤ ምክንያቱም ይህን ቃል እኛም እንወደዋለን። ዓድዋ ሲነሣ፣ ያውም ተናጋሪው ከወደ መንዝ ከሆነ፣ «አልተገዛንም» ሳይባል አይታለፍም። መንዝ የሸዋ ነገሥታት የተነሡበት፣ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ምድር ተከፍሎ ርስቱን እየቆጠረ የኖረ አገር ነው። ኩራቱ ከሜዳ የመጣ ስላልሆነ ልነቅፈው አልተነሣሁም። ግን ነጻነት የምንለውን ነገር ከፍለን እንድናየው እፈልጋለሁ፤ ለዚህም ከዓድዋ ይልቅ ብዙ ሰው የማያነሣውን አንድ ቦታ መርጫለሁ።

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። ብርድ አገር፣ ገብስ አገር። በዚሁ በመንዝ ደጋ፣ ምድሩ ወደ ገደል በሚሰበርበት በኩል፣ ዘረት የሚባል ቦታ አለ። በገደሉ ላይ ያለው ዋሻ የአመፀኛ ዋሻ ይባላል። (በእኛ ስብከት «አመፀኛ» የኃጢአተኛ ስም ነው። እዚያ ግን ለወራሪ አልገዛም ያለ ሰው ስም ነው። ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ሳስብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።)

ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ደጋማው የሰሜን ሸዋ አገር ግን አልገባለትም። በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይ የሚመሯቸው አርበኞች ከቡልጋ እስከ መንዝና መርሐቤቴ ይንቀሳቀሱ ነበር። አርበኛ ደግሞ ብቻውን አይኖርም፤ ሚስት አለችው፣ ልጅ አለው፣ ቁስለኛ ጓደኛ አለው፣ መሮጥ የማይችል አባት አለው። እነዚህ ሰዎች በ1931 የጣሊያን ጦር ሲያሳድዳቸው እህላቸውን ይዘው ከዘረቱ ዋሻ ገቡ። ጦሩም ከበባቸው። ዋሻው በጥይት የሚበገር ስላልሆነ የኬሚካል ክፍል ተጠራ። ሚያዝያ 1 ቀን የሰናፍጭ ጋዝ ወደ ዋሻው ውስጥ ተለቀቀ። ጣሊያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት ፈርማ አጽድቃ ነበር።

ያ ቀን ምን ቀን ነበር? ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ፋሲካ ነበር። በዚያ ዓመት የእኛም ፋሲካ የሮማውያኑም ፋሲካ በአንድ ቀን ነበር የዋለው። ጋዙን የለቀቁትም ጋዙ የተለቀቀባቸውም ክርስቶስ ተነሣ የሚባልበትን ቀን ያከብራሉ።

በሌሊት ሾልከው ያመለጡ ጥቂቶች ነበሩ። እጃቸውን ከሰጡት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ በገደሉ አፋፍ ተረሸኑ። ከውስጥ የቀሩት በመርዙ አለቁ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። የውጭው ዓለም ይህን ታሪክ የሰማው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በአገሩ መዝገብ ቤት ያገኘውን ሰነድ ይዞ ዋሻውን ካገኘ በኋላ፣ በ1998 ነው። ቀጥለው የሄዱ የቁፋሮ ተመራማሪዎች የሸክላ ስብርባሪ፣ የጥይት ቀለሃና የሰው አጥንት አግኝተዋል። በፋሲካ ጠዋት ስለ ባዶ መቃብር እንዘምራለን፤ የዘረት ዋሻ ግን ባዶ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ቅር የሚለኝን ነገር ልናገር። ዘጸአትን ስንሰብክ ግብፅን ቶሎ ብለን ኃጢአት እናደርጋታለን፤ ፈርዖንን ሰይጣን፣ ቀይ ባሕርን ጥምቀት። ትርጓሜው ስሕተት አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በአንደኛ ቆሮንቶስ 10 ይህን መንገድ ሄዶበታል። ግን ጡቡ እውነተኛ ጡብ ነበር፤ ወደ ወንዝ የተጣሉት ሕፃናትም እውነተኛ ሕፃናት ነበሩ። እግዚአብሔር መጀመሪያ የሰማው የባሮቹን ጩኸት ነው። የነፍስን አርነት እየሰበከ በዘረት አፋፍ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ያን ጩኸት የሰማውን አምላክ አላወቀውም።

ግን ተቃራኒውም አደጋ አለ። በጥቅምት 1928፣ ወረራው በተጀመረ በወሩ፣ የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሹስተር በካቴድራላቸው ሲሰብኩ የጣሊያን ሰንደቅ ዓላማ የክርስቶስን መስቀል ወደ ኢትዮጵያ እንደሚያደርስና የባሮችን ሰንሰለት እንደሚሰብር ተናገሩ። መንፈሳዊ አርነት የአገርን ነጻነት መግፈፊያ ሆነ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በግንቦት 1929፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ። ከዚያ ደግሞ ዘረት።

የሚያሳዝነው፣ በካርዲናሉ ንግግር ውስጥ አንድ እውነት ተሸጉጦ ነበር፤ በአገራችን ባርነት ነበረ። «ተገዝተን አናውቅም» ስንል «እኛ» የተባለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የሚገባን ለዚህ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብን ጠይቁት። የልጅነት ስሙ ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1870 (እ.ኤ.አ.) ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ሲጠመቅ የተሰጠው ስም ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው ደብዳቤ ላይ የተጠቀሰው ባሪያ ስም ነው። እርሱም ባርነትን በሕይወቷ ካወቀች ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ መጽሐፉ በ1899 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። የባሪያ ንግድ በአዋጅ ፍጹም የተከለከለው ግን ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1934 ነው። ሰውየው የመጽሐፍ ቅዱስን ትርጉም ከሰጠን በኋላ አገሩ ገና ባሪያ ስትሸጥ ኖራለች።

አሁን ወደ ወላይታ ውረዱ። በሚያዝያ 1929 ጣሊያኖች የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያንን ከሶዶ ሲያስወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። አስተማሪ የለም፣ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው የለም፣ መንግሥት ጠላት ነው። ዋንዳሮ ዳባሮን ጨምሮ ብዙ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ተመልሰው ሲመጡ ያገኟቸው አማኞች ግን ወደ 10,000 ይጠጉ ነበር። እነዚህ ሰዎች አገራቸው ስላልነበረች ነጻ አልነበሩም፤ ሆኖም ለወራሪም ለአጥቢያ ሹምም፣ ቀድሞ ይፈሩት ለነበረው ጠንቋይም አልተንበረከኩም።

ከዚህ ተነሥተው «ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል» ብለው የሚሰብኩ አሉ። እንደ ደንብ አድርገው ሲያቀርቡት አልቀበለውም። ጎረቤታችን ኑቢያ ለዘመናት ክርስቲያን ነበረች፤ ዛሬ የቀረው የፈረሰ ግድግዳ ነው። በወላይታ የሆነው የጌታ ጸጋ ነው እንጂ የጅራፉ ሥራ አይደለም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ባንዲራው ተሰቀለ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ሥርዓት በሕግ መሠረት ሲፈጸም ጣልቃ እንደማይገባበት ይደነግጋል። ሆኖም የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ሕጋዊ ዕውቅና ጠይቃ ተከለከለች። ደርግ ሲመጣ ደግሞ በጥር 1974 ጭራሹን ዘጋት። የጸሎት ቤቱን በር ያሸገው ጣሊያን አይደለም፤ ከዓድዋ ልጆች አንዱ ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስቡ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 አዲስ አበባ ላይ ካስተማሩበት ጉባኤ ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። አገር ነጻ በነበረችበት ዘመን የሞተ ሰው ነው ይህ። ከሚወዳት ነጻ አገር መውጣት ይችል ነበር፤ አልወጣም። የትኛውን ነጻነት ይዞ ነበር የቀረው?

ከእናንተ መካከል መንዝ ዘመድ ያለው ካለ፣ በመጪው የፋሲካ ዕረፍት ሲሄድ ሽማግሌዎቹን ስለ ዘረት ይጠይቅ። «የእናንተ ሃይማኖት ሌላ ነው፤ ምን አገባችሁ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዋሻው ውስጥ የሞቱት ወንጌላውያን አልነበሩም። በኅብረታችሁ የምትወያዩበት ከሆነ ከዚህ ጥያቄ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ ገላትያ 5ን ከቁጥር 1 እስከ 15 አንብባችሁ፣ ቁጥር 13 ላይ ትንሽ ቆይታችሁ።